ድመቱ ሲናገር የደነገጡት እነማን ነበሩ?

ሰሞኑን የእንግሊዞችን የድሮ አስቂኝ አጫጭር ልቦለዶች የሚያብጠለጥል አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ጸሐፊው ብዕራቸው ስል ነው። አንዳንድ ቦታ እኔንም አስቀውኛል። ቀልድን እየነቀፉ ማሳቅ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ክሳቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ታሪኮቹ የሀብታም ጨዋታ ናቸው፤ ሎርድ፣ ሎሌ፣ ሻይ፣ ሰፊ ግቢ፣ በቃ። ደራሲዎቹ መከራ ያልቀመሱ ናቸው፤ ስለዚህ ሳቃቸው ገለባ ነው። በዚያ ላይ የቅኝ ገዥ ሳቅ ነው፤ ከተሳቀባቸው መሀል እኛም አለንበት። አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧል። በመጨረሻም ጊዜያቸው አልፏል፤ አለቃ ገብረ ሀናን የመሰለ ሰው ያለው ሕዝብ የእንግሊዝ ቀልድ ምን ይሠራለታል?

ከእነዚህ አንዱን በከፊል እቀበላለሁ። የቀሩት ግን አይዋጡልኝም። (አንድ ቦታ ላይ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሀብታም ጨዋታ» ከሚለው ልጀምር። ሳኪ በሚለው የብዕር ስሙ የሚታወቀው ሄክተር ሂዩ መንሮ ብዙ ታሪኮቹን የሚጀምረው በባላባት ቤት ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ገብቶ ምን ያደርጋል? በ1911 በታተመው «የክሎቪስ ዜና መዋዕል» ውስጥ «ቶበርሞሪ» የሚል ታሪክ አለ። ሌዲ ብሌምሊ እንግዶች ጋብዛ ሻይ እየተጠጣ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ እዚህ ግባ የማይባል ሰው፣ የቤቱን ድመት ንግግር አስተማርኩት ይላል። ማን ይመነው? ድመቱ ተጠርቶ ይመጣል። ወተት ይፈልግ እንደሆን ሲጠይቁት፣ ኮራ ብሎ፣ ቢሰጠኝ አልጠላም ይላል። እመቤቲቱ እጇ እየተንቀጠቀጠ ወተቱን ምንጣፉ ላይ ታፈስሰዋለች፤ ብዙ አፈሰስኩ መሰለኝ ብላም ይቅርታ ትጠይቃለች። ድመቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ምንጣፉ እንደሆነ የኔ አይደል!

ቀጥሎ ሜቪስ ፔሊንግተን የምትባል እንግዳ፣ ስለ ሰው ልጅ የማሰብ ችሎታ ምን ትላለህ ብላ ትጠይቀዋለች። የማንን ማለትሽ ነው ይላታል። ለምሳሌ የኔን፣ ትላለች። ጉድ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ድመቱ ይዘረግፈዋል። አንቺን እንጋብዝ ሲባል የቤቱ ጌታ እንደ እሷ ያለ ጭንቅላት የሌላት ሴት አላውቅም ብለው ተቃወሙ፤ እመቤቲቱ ደግሞ የምጠራትማ ለዚሁ ነው፣ ያቺን አሮጌ መኪናችንን የሚገዛን ሌላ ሞኝ የት ይገኛል አሉ። መኪናዋስ እንዴት ያለች ናት? ዳገት ላይ ግሩም ትሄዳለች፤ ከኋላ የሚገፋት ካለ።

እመቤቲቱ ሐሰት ነው ብላ ልትጮህ ትሞክራለች። ችግሩ፣ ያን ዕለት ጠዋት ለዚያችው እንግዳ መኪናዋ ለዴቨንሻየሩ ቤትሽ ልክክ ትልልሻለች ብላታለች።

ወዲያው ክፍሉ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይገባዋል። ድመት በየመስኮቱ ይዞራል፤ የማያየው፣ የማይሰማው የለም። እነዚያ ጨዋ ሰዎች ተመካክረው ምን ይወስናሉ? ድመቱን በመርዝ መግደል። እንግዲህ ይህን የሀብታም ጨዋታ የሚል ሰው ቤቱን አይቶ በውስጡ የተደረገውን ሳያይ ተመልሷል። አለቃ ገብረ ሀናንስ ቢሆን የምንወዳቸው መኳንንቱን ፊት ለፊት ስለሚሸነቁጡ አይደለም እንዴ? አለቃን መጥቀስ ለሳኪ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳውም።

ፒ. ጂ. ዉድሃውስ ጋ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የብዙ ታሪኮቹ ባለታሪክ በርቲ ዉስተር ገንዘብ አለው፣ ጊዜ አለው፤ ጭንቅላቱ ያለው ግን ሎሌው ጂቭስ ጋ ነው። ጌታው ማጥ ውስጥ ይገባል፣ ሎሌው ጎትቶ ያወጣዋል። በርቲ ራሱ ይህን ያውቃል፣ አይደብቅም። በ1922 የወጣው «ታላቁ የስብከት ውድድር» ላይ ሥራ የፈቱ የባለጸጋ ልጆች ገጠር ተቀምጠው፣ ከአካባቢው ቄሶች ማን ረጅሙን ስብከት ይሰብካል ብለው ይወራረዳሉ። ልክ እንደ ፈረስ እሽቅድምድም ነው። ደካማ ለሚባለው ሰባኪ የደቂቃ ጭማሪ ሁሉ ይታሰብለታል። ከረጅም ቅዳሴ በኋላ ሰባኪው «በአጭሩ» ብሎ ሲጀምር ልቡ ስንጥቅ ያለ ሰው ይህን ለማጣጣም የግድ ሎርድ መሆን የለበትም።

ደግሞስ ሁሉም ደራሲዎች ስለ ባላባት ነው የጻፉት ያለው ማነው? ደብሊው ደብሊው ጄኮብስ በ1863 የተወለደው በለንደን ወደብ፣ ዋፒንግ በሚባለው ሰፈር ነው። አባቱ የመርከብ ማራገፊያ ኃላፊ ነበር። እሱ ራሱ በፖስታ ቤት ቁጠባ ባንክ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ነው መጻፍ የጀመረው። በታሪኮቹ ውስጥ ያሉት መርከበኞች፣ የጀልባ ሠራተኞች፣ የሌሊት ዘበኛ ናቸው። ደሞዛቸውን በአንድ ሌሊት ጨርሰው በማግስቱ እርስ በርስ ብድር የሚጠያየቁ ሰዎች። ከሎርድ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ጄሮም ኬ. ጄሮም ላይ የደረሰው ደግሞ የክሱ ግልባጭ ነው። በ1889 «ሦስት ሰዎች በጀልባ»ን ሲያሳትም የዘመኑ ሃያሲዎች የናቁት ተራ ነው፣ የታች ሰፈር ሰው አፍ ነው ብለው ነው። «ፓንች» መጽሔት ስሙን በድሃ ለንደናዊ አነጋገር አጣሞ ሙድ ይዞበታል። መጽሐፉ በርግጥ ረጅም ነው፤ ግን በየመሀሉ ራሳቸውን ችለው የሚነበቡ አጫጭር ጨዋታዎች አሉት። አጎት ፖጀር አንድ ስዕል ግድግዳ ላይ ልስቀል ብሎ ቤተሰቡን በሙሉ ያዋክባል። አንዱን ለሚስማር ይልካል፣ አንዱን መዶሻ ያስይዛል፣ አንዷን መብራት ያስይዛል። ራሱ ያወለቀውን ኮት ደግሞ ራሱ ላዩ ላይ ተቀምጦበት፣ የት ደበቃችሁት ብሎ ይጮኻል። እኩለ ሌሊት አካባቢ ስዕሉ ተንጋድዶ ይሰቀላል፤ ሁሉም ደክሟል፣ ከአጎት ፖጀር በቀር። እንዲህ ያለ ሰው በየቤታችን የለም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

መከራ አልቀመሱም የሚለው ግን እውነቱን ለመናገር ትንሽ አናዶኛል።

ጄሮም አባቱ ከስሮ ምስራቅ ለንደን ያደገ ልጅ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሁለቱም ወላጆቹ ሞቱበት። ትምህርቱን ትቶ ባቡር ድርጅት ሲገባ፣ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ሐዲድ ዳር የወደቀ ከሰል መልቀም ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የሀገሩ ጦር ለዕድሜው ብሎ አልቀበልም ሲለው፣ ወደ ሃምሳዎቹ መጨረሻ የተጠጋው ሰውዬ ለፈረንሳዮች አምቡላንስ ሊነዳ ሄደ።

ሳኪን እንይ። በ1870 በርማ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ፖሊስ ነው። እናቱ እርጉዝ ሆና ለጉብኝት እንግሊዝ ሳለች ላም አባረራት፤ በድንጋጤው ፅንሱ ወረደ፣ እሷም ሞተች። ልጆቹ ዴቨን ውስጥ ለአያታቸውና ለሁለት ጨካኝ አክስቶች ተሰጡ። እነዚያ አክስቶች እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ልጆቹን ግን በኅብረት ይቀጣሉ። ይህን ካወቅን በኋላ ታሪኮቹን መለስ ብለን ብናነባቸው የሆነ ነገር እናያለን። በሳኪ ዓለም እንስሳት ይበቀላሉ። ልጆች ያሸንፋሉ። አክስቶች ደግሞ ወዮላቸው።

«ስሬድኒ ቫሽታር» ውስጥ ኮንራዲን የሚባል የአሥር ዓመት በሽተኛ ልጅ አሳዳጊው ስታማርረው ግቢ ውስጥ ባለ አሮጌ የመሣሪያ ማስቀመጫ ቤት የደበቃትን የዱር አውሬ የመሰለች ትንሽ እንስሳ አምላክ አድርጎ ያመልካታል። አሳዳጊዋ ልትመረምር ትገባለች። አውሬዋ አፏ በደም ተነክሮ ትወጣለች። አዋቂዎቹ ለልጁ ማን ይንገረው እያሉ ሲከራከሩ፣ ልጁ ዳቦ ይጠብሳል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ደግሞ ሁለተኛውን ይጠብሳል። ይህ ነው እንግዲህ ገለባ የተባለው ሳቅ።

ዉድሃውስም ቢሆን አባቱ ሆንግ ኮንግ ዳኛ ነበር፤ ልጆቹን ገና በሕፃንነታቸው ወደ እንግሊዝ ላኳቸው። ልጅነቱን ከሞግዚት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከአንዷ አክስት ወደ ሌላዋ ሲንከራተት ጨረሰው። በርቲ ዉስተር አክስቱን አጋታን የተሰበረ ጠርሙስ የምታኝክ፣ ከልብሷ ሥር እሾሃማ ሽቦ የምትለብስ ሴት አድርጎ ሲስላት የምንስቀው ሳቅ ከየት እንደመጣ ለመገመት ከባድ አይደለም። የሁለቱም ደራሲዎች አባቶች እስያ ሆነው ሌላውን ሕዝብ ሲያስተዳድሩ ልጆቻቸውን አክስቶች ያስተዳድሯቸው ነበር። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ያን ሁሉ አስፈሪ አክስት ያመጣው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ሳኪ በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር 43 ዓመቱ ነበር። መኮንን ሁን ሲባል እምቢ ብሎ ተራ ወታደር ሆኖ ዘመተ። በኅዳር 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ቦሞን ሀሜል አጠገብ የጀርመን አነጣጣሪ ገደለው። የመጨረሻ ቃሉ ለጓደኛው የተናገረው ነው ይባላል፤ ያን የተረገመ ሲጋራ አጥፋው ብሎት ነበር። መከራ ያልቀመሰ ሰው ነው?

አሁን የተቀበልኩት ነጥብ ላይ ደረስን። የቅኝ ገዥ ሳቅ የሚለው።

ጸሐፊው እንግሊዛዊውን ደራሲ ኤቭሊን ዎን ጠርተዋል፤ መጥራታቸውም ተገቢ ነው። ዎ በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዓለ ንግሥ ሊዘግብ አዲስ አበባ መጣ። ሲመለስ «ብላክ ሚስቺፍ» የተባለውን ፌዝ የሞላበት ልቦለድ በ1932 አሳተመ፤ የፈጠራ ሀገር ነው ቢባልም ማን ላይ እየተፌዘ እንደሆነ አይጠፋንም። በ1935 ለ«ዴይሊ ሜይል» ዘጋቢ ሆኖ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ በ1936 ለጣሊያን ያደላ መጽሐፍ ጻፈ። ይህን የሚያስተባብል የለም፣ እኔም አልሞክርም። ረጅም ልቦለዶች እንጂ አጫጭር ታሪኮች አይደሉም ብዬ ማምለጥ እችል ነበር፤ ግን ተንኮል ይሆንብኛል። የዎ ብዕር ድንቅ ነው፣ ለእኛ ያለው አመለካከት ግን አስቀያሚ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው።

እንዲያውም ለክሳቸው የሚሆን ሌላ ማስረጃ ልጨምርላቸው። በ1910 ጥቂት የለንደን ወጣቶች፣ ኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነችው ቨርጂኒያ ዉልፍ ጭምር፣ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው፣ ጥምጥም ጠምጥመው፣ የአቢሲኒያ ልዑላን ነን ብለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኩራት የነበረውን «ድሬድኖት» የተባለ የጦር መርከብ ተቀብሎ እንዲያስጎበኛቸው አደረጉ። የተዋረደው ባሕር ኃይሉ ነው። የተቀቡት ቀለም ግን እኛን ነው የሚነካው። ሳኪም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ «ዘ አንረስት ኪዩር» በሚለው ታሪኩ በአይሁዶች ላይ ሊፈጸም ነው በተባለ የውሸት እልቂት ቀልዷል፤ ዛሬ ሲነበብ ይቀፋል።

ታዲያ ለምን በከፊል ብቻ ተቀበልኩ? ምክንያቱም ጸሐፊው ከዎ ተነስተው ሁሉንም ጠቀለሏቸው። ዎ ሲጽፍ በነበረበት በዚያው ዘመን፣ በ1938፣ ዉድሃውስ ሮደሪክ ስፖድ የሚባል ገጸ ባሕርይ ፈጠረ። ስፖድ ራሱን የእንግሊዝ አዳኝ ያደረገ ግዙፍ አምባገነን ነው። እሱ ማኅበሩን ሲያቋቁም ሌሎች ሸሚዙን ሁሉ ወስደው ስለጨረሱበት ተከታዮቹን ጥቁር ቁምጣ ያለብሳቸዋል። ቀልዱ ያነጣጠረው በእንግሊዙ ፋሽስት በኦስዋልድ ሞዝሊና በጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ላይ ነው። የጣሊያኖቹን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ላየ ሕዝብ፣ ያን ዩኒፎርም ጉልበት የሚያሳይ ቁምጣ አድርጎ ማዋረድ ቀላል ነገር አይደለም። ዉድሃውስ ስለ እኛ አስቦ ጻፈው እያልኩ አይደለም። የሳቀው ግን በማን እንደሆነ ይታወቅ።

ዉድሃውስንም መልአክ አላደርገውም። በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይ ውስጥ ይዘው አሰሩት፤ በ1941 ከበርሊን ራዲዮ ስለ እስሩ አምስት የቀልድ ንግግሮች አደረገ። ሀገሩ ከሃዲ አለችው። ጆርጅ ኦርዌል በ1945 ተሟገተለት፤ ሞኝ እንጂ ከሃዲ አይደለም አለ። ዉድሃውስ ግን አሜሪካ ገብቶ ቀረ፣ እንግሊዝን ዳግም ሳይረግጥ በ1975 ሞተ።

«አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧል» ለሚለው ብዙ ቀለም አላጠፋም። ዉድሃውስ ላይ እውነትነት አለው፤ አክስት፣ ያልተፈለገ እጮኝነት፣ የተሰረቀ ዕቃ፣ ጂቭስ። የሚወዱት ሰዎችም ይህንኑ ብለው ነው የሚወዱት። ከእሱ ወጥተን ግን ጄኮብስን ብናይ፣ ያ የመርከበኞች ቀልደኛ በ1902 «የዝንጀሮው መዳፍ» የሚል በሌሊት የማይነበብ አስፈሪ ታሪክ ጽፏል። ጸሐፊው በዚያ ሁሉ ገጽ የአንድም አጭር ልቦለድ ርዕስ አለመጥቀሳቸውም ገርሞኛል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው ለማለት ቢያንስ ሁለት ማንበብ ያስፈልጋል።

ጊዜያቸው አልፏል ወደሚለው እንምጣ። እነዚህ ታሪኮች የተጻፉት ለቤተ መጻሕፍት አልነበረም። «ዘ ስትራንድ» የተባለው መጽሔት በ1891 ሲጀመር ዋጋው ስድስት ፔንስ ነበር። ሰው ባቡር ጣቢያ ይገዛዋል፣ ወንበሩ ላይ ያነበዋል፣ ቤቱ ሲደርስ ይጨርሰዋል። ጄኮብስም ዉድሃውስም እዚያ ጽፈዋል። ማለትም ደራሲዎቹ ትዕግሥት የሌለውን አንባቢ ከእኛ በፊት ያውቁታል። ታክሲ ወረፋ ላይ ስልኩን የሚጎረጉር ሰው ለእነሱ እንግዳ አይደለም።

ለዚህ ነው ሳኪ አንድ ቃል የማያባክነው። «የተከፈተው መስኮት» ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ቃል ብዙም አይበልጥም። (ያላነበበና ማንበብ የሚፈልግ ይህን አንቀጽ ይዝለል።) ነርቩ የታወከ ፍራምተን ነትል የሚባል ሰው ዕረፍት ፍለጋ ገጠር ይሄዳል፤ ከማያውቃቸው ሰዎች ቤት ገብቶ የቤቱን እመቤት ሲጠብቅ የአሥራ አምስት ዓመቷ የእህት ልጅ ቬራ ታጫውተዋለች። መጀመሪያ ትጠይቀዋለች፣ እዚህ አካባቢ የምታውቀው ሰው አለ? የለም ይላል። ስለ አክስቴስ የምታውቀው ነገር የለም ማለት ነው? ስሟንና አድራሻዋን ብቻ፣ ይላል። ከዚህ በኋላ ነው የምትጀምረው። የአክስቴ ባልና ሁለት ወንድሞቿ ልክ የዛሬ ሦስት ዓመት በዚያ በተከፈተው መስኮት ለአደን ወጥተው ረግረግ ዋጣቸው፤ አስከሬናቸው አልተገኘም፤ አክስቴ ግን ይመጣሉ ብላ መስኮቱን አትዘጋም። አክስትየዋ ገብታ ባሌ አሁን ከአደን ይመጣል ስትል ምስኪኑ ያዝንላታል። ሲመሽ ሦስት ሰዎችና አንድ ውሻ በመስኮቱ በኩል ሲመጡ ያያል፤ ዱላውንና ባርኔጣውን ይዞ እግሬ አውጪኝ ይላል። ሰዎቹ በሕይወት ያሉ፣ ከአደን የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ሰውዬው ምን ሆኖ ሄደ ሲባል ቬራ ዓይኗን ሳታሽ፣ ውሻውን ፈርቶ ይሆናል፤ ጋንጅስ ወንዝ ዳር የባዘኑ ውሾች መቃብር ውስጥ አሳድደውት እንዳደረ ነግሮኛል ትላለች።

መጀመሪያ ሳነበው ያለፍኳቸው እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ነው። ጨዋታ መጀመሪያ፣ የወግ ጥያቄ ይመስላሉ። ቬራ ግን ውሸቷን ከመዘርጋቷ በፊት የሚያጋልጣት ነገር እንደሌለ እያጣራች ነው። አንባቢውም ከነትል ጋር እኩል ተሸውዷል፤ ልዩነቱ አብሮት አለመሸሹ ብቻ ነው። በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አርጅቷል ብሎ መደምደም ይከብደኛል። በየቀኑ ሳናጣራ የምናምነውን ነገር ስናስበውማ ጭራሽ ይከብደኛል።

የሳኪ፣ የጄኮብስና የጄሮም ሥራዎች የቅጂ መብታቸው ስላለፈ «ፕሮጀክት ጉተንበርግ» በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ የዉድሃውስም የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አሉ። ከሳኪ መጀመር ይሻላል፣ አጫጭር ናቸው። ዉድሃውስን ደግሞ ከረጅሞቹ ባትጀምሩ እመክራለሁ፤ ሰዎቹ ስማቸው ይምታታባችኋል። ጸሐፊውም አንዱን አንብበው ካልጣማቸው፣ የታሪኩን ርዕስ ጠቅሰው ለምን እንዳልጣማቸው ቢጽፉ በደስታ አነባለሁ።